የግፊት መለኪያው

ናዝሬት ገበያ አሮጌ ብረታ ብረት የምትሸጠው ዘርፉ ሰውየውን በስም አታውቀውም። የምታውቀው እስከ አንገቱ የተቆለፈውን የባቡር ሠራተኛ ኮቱንና እንፋሎት የላጣቸውን ጣቶቹን ነው። ዛሬ የአሮጌ ቦይለር ግፊት መለኪያ አንስቶ መስታወቱን በእጅጌው ይወለውላል።

«ባለፈው የብረት ሞላ ወሰዱ፣ ዛሬ ደግሞ ይሄ! ጋሼ፣ ያቺ ቤትዎ የሚሠሯት የቡና ማሽን ባቡር ልትሆን ነው እንዴ?» አለች ዘርፉ እየሳቀች።

«ግፊቱን ካላየሁት ቡናውን ያሳርርብኛል። ለታሰረው ልጄ ነው የምወስድለት። ቅዳሜ ጠባቂዎቹ ፔርሙሱን እንደሞላ መለሱልኝ፤ ያረረ ነገር አይወድም።»

የዘርፉ ሳቅ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። የታሰረ ወንድሟም ስንቅ አንድ ቀን እንዲሁ ሳይነካ ተመልሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ወንድሟን አላየችውም።

«ልክ ያሳያል?» አላት ሰውየው።

«ያሳያል፣ ጋሼ» አለች መለኪያውን በጋዜጣ እየጠቀለለች። ቀና ብላ ግን ልታየው አልቻለችም።