የአያ ፈንታ መዶሻ

ዘንድሮ ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ዳባት ባለው ቤቴ ጣሪያ ላይ ያረጀውን አሸንዳ ለማስቀየር ሁለት ወጣቶች አመጣሁ። አሮጌውን ቆርቆሮ ነቅለው ግቢው ውስጥ ሲጥሉት፣ ለዓመታት የተጠራቀመው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጥቁር ጭቃ ሆኖ ፈሰሰና የዛገ ብረትና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ልጆቹ አዲሱን የፕላስቲክ አሸንዳ ገጣጥመው፣ ይህ ነው የሚባል ድምፅ ሳያሰሙ፣ ከምሳ በፊት ጨርሰው ሄዱ። እኔን ግን ያ ሽታ ይዞኝ ሄደ። ከዝናቡና ከጉሙ ጋር ደባርቅ ገባሁ፤ ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ወዳለበት ወደ ልጅነቴ ቤት።

ቤታችን ለሁለት የተከፈለ አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ነበር። በግማሹ እኛ፣ በግማሹ ቆርቆሮ ሠሪው አያ ፈንታና ባለቤታቸው እትዬ አገሬ እንኖርበታለን። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ከቀጫጭን ባሕር ዛፍና ከጭድ ጭቃ የተሠራ ነው፤ እናቴ ስንጥቁን በጋዜጣ እየደራረበች ብትለጥፈውም፣ እዚያ ማዶ የወደቀ ማንኪያ እኛ ቤት የወደቀ ነበር የሚመስለው። በበጋ አያ ፈንታ ገበያ ዳር፣ ሜዳ ላይ ተቀምጠው ነው የሚቀጠቅጡት፤ ድምፁም ከገበያው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ክረምት ሲገባ ግን፣ ከስሜን ተራሮች የወረደው ጉም ከተማውን ሸፍኖ ጎረቤት ከጎረቤት መተያየት ሲያቅተው፣ አያ ፈንታ ዕቃቸውን ሰብስበው ቤት ይገባሉ። ክረምት ደግሞ የደባርቅ ሰው ሁሉ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ አሸንዳው እንደተቀደደ፣ በርሜሉ እንደተበሳ ድንገት ትዝ የሚለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ፣ ግድግዳው ማዶ መዶሻ፣ እኛ በሁለቱ መካከል ነበርን።

መዶሻው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይቻል ነበር። አያ ፈንታ ዕድሜ ልካቸውን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ ጆሯቸው ደክሟል፤ እትዬ አገሬም ባላቸውን ለማናገር ስትል ድምፅዋን ከዓመት ዓመት ከፍ እያደረገች መጥታ፣ በመጨረሻ የመንደሩ ሰው ሁሉ የቤታቸውን ጉዳይ የሚያውቅበት ደረጃ ላይ ደርሳ ነበር። ሽሮው ጨው እንደበዛበት፣ የአያ ፈንታ ወገብ በየትኛው በኩል እንዳመማቸው፣ ዛሪማ ያገባችው ልጃቸው የላከችው ማር የት እንደተደበቀ እናውቃለን። ማሩ የተደበቀበትን ቦታ ሰፈሩ በሙሉ ሲያውቀው፣ የማያውቁት አያ ፈንታ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው አይሰሙማ።

ይህ ሁሉ የሚከነክናት እናቴን ብርቱካንን ነበር። አባቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ያንን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ ይወርዳል፤ እዚያው አድሮ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ዐይኑ ደም መስሎ ይመለሳል። ያን ጊዜ ቤታችን ሌላ ቤት ይሆናል። እናቴ አውራ ዶሮውን ከግቢ ታስወጣለች፤ ክዳኑ እንዳይንኳኳ ድስቱን ከእሳት ታወርዳለች፤ እኔን በጣቷ ጠቅሳ በር ላይ ታስቀምጠኛለች። አባቴ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ዐይኑን ጨፈን ሲያደርግ፣ ግድግዳው ማዶ፣ ቋ! ቋ! ቋ!

አንድ ቀን እናቴ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ በዝናብ እየሮጠች ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«አያ ፈንታ፣ እባክዎ! ሰውየው እንቅልፍ አጣ!»

አያ ፈንታ መዶሻቸውን እንደያዙ ጆሯቸውን ወደ እርሷ ዘንበል አደረጉ። «እንቅብ? እንቅብስ አገሬን ጠይቂያት።»

«እንቅልፍ ነው ያልኩ!»

«አገሬ!» ብለው ጮኹ። «ለብርቱካን እንቅብ አውጭላት! ትልቁን!»

እናቴ በዝናብ የራሰ ትልቅ እንቅብ ታቅፋ ስትመለስ፣ አባቴ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቅ ነበር። «እንቅልፉንስ አመጣሽልኝ?» አላት። እሷ ግን አልሳቀችም። አያ ፈንታ ቆርቆሮውን የሚቀጠቅጡበትን ያንን ወፍራም የመኪና ብረት ከጋራዥ ተሸክሞ ያመጣላቸው አባቴ ራሱ ስለነበረ፣ በዚህም በዚያም ጥፋተኛው እሱ ነበር።

የእናቴንና የአያ ፈንታን ጠብ፣ ጠብ ከተባለ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አብሮ የሚመጣ ነገር አድርጌ ለምጄው ነበር፤ አንድ ነሐሴ እስኪመጣ ድረስ። ያን ጊዜ ዝናቡ ቀንም ሌሊትም አላቋርጥ ብሎ ሰነበተ። አባቴ እንደ ልማዱ ወርዶ፣ በማግስቱ በሚመለስበት ሰዓት አልተመለሰም። አመሻሹ ላይ ሊማሊሞ ተንዶ መንገዱ ተዘጋ የሚል ወሬ መጣ። ጠዋት ደግሞ፣ ማን እንዳየው ሳይታወቅ፣ አንድ መኪና ከነሰዉ ገደል ገብቷል ተባለ። ስልክ የሚባል ነገር የሚገኘው አንድ ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱም መስመሩ ተበጥሷል። እናቴ መናኸሪያ ሄዳ ትቆማለች፤ ነጠላዋ ውኃ እያንጠባጠበ ትመለሳለች፤ መልሳ ትሄዳለች።

አያ ፈንታ ወሬውን በሰሙበት ጠዋት መዶሻቸውን አስቀመጡ። እትዬ አገሬም ድምፅዋን ዋጠችው። ባልና ሚስቱ ከአክብሮት የተነሣ፣ ለእኛ አዝነው ዝም አሉ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችንን ሰማሁት። ውኃው ከጣሪያው ጠርዝ ሲንጠባጠብ፣ ምስጥ ምሰሶው ውስጥ ሲቆረጥም፣ እናቴ ምራቋን ስትውጥ ይሰማል። ጉሙ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ወለሉ ላይ የተኛ ይመስላል። ሰው የሞተበት ቤት ውስጥ ገብቼ ባላውቅም፣ እንዲህ ዝም የሚል ቤት ያ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ፤ ፈራሁም።

እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ እህል አልቀመሰችም፣ ጎኗን አላሳረፈችም። መዶሻው ዝም ባለ በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆይታ፣ ድንገት ተነሥታ ወጣች። ስደርስባት አያ ፈንታ በር ላይ ቆማለች። እሳቸው ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«አያ ፈንታ፣ ለምን ዝም አሉ?» አለቻቸው። አልጮኸችም። «ቤቴን የልቅሶ ቤት አደረጉብኝ እኮ! ምን አየሁ ብለው ነው? ይምቱት እባክዎ፤ እንደ ወትሮው ይምቱት!»

ያን ቀን እንዴት እንደሰሟት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ፊቷን አይተው ይሆናል። «እሽ ልጄ» አሉና መዶሻውን አነሡ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ቋ… ቋ…፣ ከዚያ እየበረታ፣ እየበረታ መጣ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ እጃቸው ግን አላቆመም። እትዬ አገሬም ከጓዳ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «አንቱ ሰውዬ! በርበሬውን ፀሐይ ላይ አውጥተው ረሱት!» ብላ ጮኸች። ፀሐይ ከታየች ወር ሊሞላት ነበር።

እናቴ ወደ ቤት ተመልሳ መደቡ ላይ ጋደም አለች። ግድግዳው እየተንቀጠቀጠ፣ የጋዜጣው ጫፍ እየተርገበገበ፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳያት፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

አባቴን ያየሁት እሷ እንደተኛች ነው። ጉሙ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ጥላ መጣ፤ ቀጥሎ እስከ ጉልበቱ በጭቃ የተለወሰ ሱሪ፣ ከዚያ የእሱ ፊት። አውቶቡሱን ናዳው ታች ትቶ፣ ተሳፋሪዎቹን እየመራ ያንን ዳገት በእግሩ ወጥቶታል። በአንድ ትከሻው ላይ የማላውቀው የሰው ስልቻ ተሸክሟል፤ የአንዲት አሮጊት ነው፣ እሳቸውን መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አሳርፏቸው ስልቻውን ረስቶ ይዞት መጥቷል። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ናፍጣና እርጥብ አፈር ይሸታል።

«ከሰፈሩ ጥግ ስደርስ የፈንታን መዶሻ ሰማሁት» አለ። «እንግዲያ ቤቴ ደኅና ነው አልኩ።»

አያ ፈንታ መዶሻቸውን እንደያዙ ወጡ። አባቴን አዩት፤ በበሩ አሻግረው የተኛችውን እናቴንም አዩ። ሰላምታቸው ከወዲያኛው መንደር የሚሰማው እኚያ ሰው፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ፣ ትንፋሽ በምታህል ድምፅ፣ «እንኳን መጣህ» አሉት። እትዬ አገሬ ሙቅ ውኃ በሳፋ ይዛ መጥታ፣ እግሩን እያጠበች አንድም ቃል አልተናገረችም። እናቴ ብዙ ቆይታ ስትነቃ፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እንጀራ ሲጎርስ አገኘችው።

እናቴ በዚያ ነሐሴ ስለ መዶሻው አንድ ጊዜ እንኳ አላማረረችም። መስከረም ሲጠባ ግን ጀመረች፤ እኛም ሁሉም ነገር ወደ ቦታው እንደተመለሰ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ከጥቂት ክረምቶች በኋላ የአያ ፈንታ ጆሮ ፈጽሞ ተዘጋ፤ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጃቸው ቆላው ይሻላችኋል ብላ ወደ ዛሪማ ወሰደቻቸው። የወሰዳቸው የአባቴ አውቶቡስ ነው። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። አባቴ ሞተ፤ እናቴም ተከተለችው፤ ቤቱም ተሸጦ ፈረሰ።

አምና ክረምት ለለቅሶ ደባርቅ ሄጄ፣ ዝናቡ መመለሻ ቢያሳጣኝ ማደሪያ ፈለግሁ። ቦታችን ላይ አሁን ፎቅ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ቆሟል። ትሑት ወጣት አስተናጋጅ ምድር ቤት ያለ ክፍል ከፈተልኝና ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ወፍራም ብሎኬት ነው እትዬ» አለኝ። «ጎንዎ ያለው ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማዎትም። ዐርፈው ይተኛሉ።» አመሰገንኩት። በሩን ዘግቶ ሲሄድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የአባቴ አልጋ በየት በኩል እንደነበረ፣ አያ ፈንታ የት ጋ ይቀመጡ እንደነበር ለመለየት ዐይኔን በአራቱም ግድግዳ ላይ አዞርኩ። አንዱ ከአንዱ አይለይም፤ ሁሉም ነጭ ነው።