ስድስቱን ማን ወሰደው?

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ዓመታት ከሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳርቻ እስከ መሀል ሎስ አንጀለስ ድረስ የእኔን ያህል የሒሳብ መምህር አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ምስክር አለኝ፤ ምስክሩም እኔ ራሴ ነኝ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን አበሻ በሙሉ ያሳመንኩት በዚሁ ምስክር ነበር። ታክሲ እንደምነዳ ሁሉም ያውቃል፤ ግን «አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ» ስል ማንም የጠረጠረኝ የለም። ደግሞም አልዋሸሁም። አንድ ሰሞን የታመመ መምህር ተክቼ ስፖርት አስተምሬያለሁ። ስፖርትም ቢሆን «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» እየተባለ ነው።

ሶ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት፣ እዚያው ፌርፋክስ ያለው የአበሻ ምግብ ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል የልጆች ትምህርት ተጀመረ። ወላጆቹ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ሳህን የሚያጥቡ ነበሩ፤ ልጆቻቸውን እያዛጉ ጥለውልኝ ይሄዳሉ። ትምህርታችን ክፍልፋይን ማቃለል ነበር። እኔም እንደ ድሮ አስተማሪዎቼ በዜማ አስጮኋቸው። «ላዩንም ታቹንም፣ በአንድ ቁጥር አካፍል!» ጩኸታችን ዊልሸር ጎዳና ድረስ መኪና ያቆም ነበር። ከጥቂት ቅዳሜዎች በኋላ ልጆቹ አዲሱን መያዝ ቀርቶ የሚያውቁትንም ረሱት። አንዱ ግማሽን ለግማሽ አካፍሎ ዜሮ አገኘ፤ ድፍረቱን አደነቅኩለት።

ያስጨነቀችኝ ግን አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ገና መምጣቷ ነው። እናትየው እዚያው ምግብ ቤት ሳህን ታጥባለች። ትምህርት ቤቱ ልጅቷን ከፋሲካ በኋላ ሊፈትናት ቀጠሮ ይዟል፤ ክፍልፋይ ካላወቀች ወርዳ ከታናሽ ወንድሟ ጋር አንድ ክፍል ልትገባ ነው። ወንድሟ ደግሞ ከጎኑ ወንበር እንደያዘላት በየቀኑ ያበስራታል።

«ጋሼ፣ አደራ» አለችኝ እናትየው፣ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ እንደሆነ። «ከወንድሟ ጋር ከቀላቀሏት ትምህርቱን እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች። ልጄን አውቃታለሁ።»

«ምን ችግር አለ! ፕሮፌሰር አድርጌ ነው የማስረክብሽ!» አልኳት።

በዚያው ጠዋት ሰሌዳው ላይ ስምንት አሥራ ሁለተኛ ጻፍኩ። ላዩንም ታቹንም ለአራት አካፍዬ ሁለት ሦስተኛ አደረግሁት፤ ከዚያም እንደ አሸናፊ ጠመኔዬን አራገፍኩ። ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ስድስቱን ማን ወሰደው?»

«የምን ስድስት?»

«ከላይ ስምንት ነበር። ሁለት ሆነ። ስድስቱስ?»

«ማንም አልወሰደውም። ተቃለለ።»

«ካምፕም ራሽኑ ሲያንስ ማንም አልወሰደም ነበር የሚሉን» አለች።

ጠመኔዬ እጄ ላይ እያለ ጎንበስ ብዬ ጠመኔ ፈለግሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፒዛ ገዝቼ መጣሁ። ሁዳዴ ስለነበር አይብ የሌለው ነው ያዘዝኩት፤ ሻጩ የሰማውን ባለማመን አለቃውን ጠርቶ እንደገና አስጠየቀኝ። ስምንት ቦታ አስቆርጬ፣ ከስምንቱ አራቱ ግማሽ መሆኑን ላሳይ ነበር ሐሳቤ። ሰሌዳው ላይ ልጽፍ ዞርኩ። ጽፌ ስመለስ ሳጥኑ ብቻ ቀርቷል።

«አሁንስ ማን እንደወሰደው ታየ» አለች ልጅቷ፣ አፏን እየጠረገች።

እንዲህ እንዲህ ስንል ቀዳም ሥዑር ደረሰ። ያን ዓመት ሃያ አራት ሰዎች ሆነን ለቅርጫ አንድ በሬ ገዛን። ከከተማ ውጪ ባለ እርሻ ታርዶ፣ ኢንግልዉድ ሰፈር ወደሚገኝ የአንድ ጓደኛችን ጋራዥ በፒክአፕ መጣ። በሬው ዝሆን የሚያክል ነበር፤ እንዲያውም ዝሆን ቢያየው መንገድ ይለቅለት ነበር። ቅርጫውን የሚመሩት ሽማግሌ ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጉበቱም ለሁሉም እኩል ሳይደርስ ማንንም አያስጠጉም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሃያ አራት መደብ ሥጋ፣ እያንዳንዱ በየፕላስቲኩ ላይ፣ እንደ ወታደር ተሰለፈ።

ዕጣ የሚጥል ልጅ ሲፈለግ ልታግዝ የመጣችውን እናቷን ተከትላ የመጣችው ተማሪዬ ተገኘች። አገር ቤት ቅጠል ወይም ስንጥር ነው የሚጣለው፤ እኛ ግን ባለታክሲዎች ነንና የመኪና ቁልፋችንን ባርኔጣ ውስጥ ጨምረን ሰጠናት። ልትጥል ስትል አንድ የኮሪያታውን ሰፈር ወንደላጤ አስቆማት።

«ቆይ፣ ቆይ! አባባ፣ እኛ በአንድ ቤት አራት ነን፤ ፍሪጃችንም አንድ ነው። አራቱን መደብ በአንድ ላይ ያድርጉልን።»

«የአንተ ተደምሮ የሌላው ተነጥሎ ዕጣ ሊወጣ ነው?» ተቆጡ ሽማግሌው። «ወይ ሁሉም ይደመር፣ ወይ ማንም አይደመር!»

ሲታሰብ ሁላችንም አራት አራት እየሆንን ነው ለካ ቤት የተከራየነው። በጠቅላላው ስድስት ቤት ነን፤ ሁለቱ ኮሪያታውን፣ አንዱ ዌስት አዳምስ፣ የቀረነው እዚያው ኢንግልዉድ። በሉ ተባለና አራት አራቱ መደብ እየተጎተተ ተዋሃደ። ሃያ አራቱ መደብ ስድስት ትልልቅ ቁልል ሆነ።

ልጅቷ ባርኔጣውን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ኮሪያታውኖች ከሃያ አራት መደብ ስምንት ነበራቸው» አለች።

«አዎ» አለ ወንደላጤው።

«አሁን ከስድስት ሁለት ነው ያላቸው።»

«ምነው? ጎደለብን እንዴ?»

«አልጎደለም! ማንም አልወሰደም! ቁልሉ ነው የተለቀው!»

ባርኔጣውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ማንም ሳይቀድማት የአንዱን ቁልል ፕላስቲክ እየጎተተች ከጎረቤቱ ጋር አጋጠመችው።

«አንቺ ልጅ! መደብ አይነካም!» ብለው ሽማግሌው ጮኹ።

ማን ይስማቸው! ሁለት ሁለቱን እያጋጠመች ስድስቱን ሦስት አደረገችው። ሽማግሌው የዝንብ ጭራቸውን ወደ ላይ አንስተው ሊወርዱባት ሲሉ ቆም ብለው ሥጋውን አዩ።

«ሲሶ» አሉ ቀስ ብለው። «እውነቷን እኮ ነው። የኮሪያታውን ድርሻ ሲሶ ነው።»

«ከዚህ በኋላ አይቃለልም፤ ያላቸው አንድ ቁልል ብቻ ነው» አለች ልጅቷ።

ለስንት ቅዳሜ ያስጮህኩትን፣ ያንን እኔ ራሴ በቅጡ ያልገባኝን ነገር በአንድ ቃል ጨረሰችው። ቁልሎቹን መልሶ መለየት ጊዜ ፈጀ፤ ሰዉ ሁሉ አጉረመረመ። እኔ ግን ጋራዡ መሀል ቆሜ «የእኔ ተማሪ ናት! ያስተማርኳት እኔ ነኝ!» እያልኩ ነበር። ማንም አልሰማኝም።

የፈተናው ውጤት የወጣ ዕለት ምግብ ቤቱ በምሳ ሰው ጢም ብሎ ነበር። ልጅቷ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ እየሮጠች ገባች። አልፋለች፤ የምትገባው ከእኩዮቿ ጋር ነው። ከየመልሱ ጎን ትንንሽ ቁልሎች ስለሳለች ፈታኟ ምን እንደሆኑ ብትጠይቃት «የበሬ ሥጋ» ብላ አስረድታታለች። እናትየው ከወጥ ቤት እልል እያለች ወጣች፤ እጇ ላይ የነበረው ሳህን ወድቆ ተሰበረ፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት ራሱ አጨበጨበ። ውጪ ፓርክ ያደረጉ ባለታክሲዎች ወሬውን ሰምተው ጡሩምባቸውን ለቀቁት፤ ፌርፋክስ ሰርግ መሰለ። ጉርሻ ከየጠረጴዛው እየመጣ አፌን ሞላው። እውነት ለመናገር፣ እንዲያ ያለ ደስታ በራሴ ሰርግም አላየሁም።

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉና፦ «እስቲ መምህር፣ ይቺን የመጨረሻዋን አንተ አቃልልልን። ሃምሳ አንድ ስልሳ ስምንተኛ» አሉ።

ለሁለት ሞከርኩ፣ ለሦስት ሞከርኩ፣ ለአምስት ሞከርኩ። ጉርሻዬን ውጬ ደረቴን ነፋሁ።

«ይቺ አትቃለልም። ያለቀላት ናት።»

«በአሥራ ሰባት ነው ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ እንዳላፍር ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሦስት አራተኛ ትሆናለች።»

የአሥራ ሰባትን ማባዣ አላውቀውም ነበር። ዛሬም አላውቀውም።