ከጉብታው ላይ የተጠራ ሞት

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት መልስ የቅሬያችን ስብሰባ ነበር። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ሾላው ሥር ተቀመጥን። ቅሬ በኛ በወሎ ሰው ሲሞት የሚያነሳ፣ የሚቀብርና ለቅሶ የሚቀመጥ የሰፈር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። የድንኳኑ መቀደድና የድስቶቹ ነገር ከተነሳ በኋላ፣ ከጅዳ የተመለሰው የጎረቤቴ ልጅ ሙሐመድ እጁን አወጣ። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥቶ የሚጣራው ጠሪ ይቅርና በስልክ መልእክት ይሁን አለ።

«አንዴ መንካት ብቻ እኮ ነው፣ እትዬ ዘሐራ» አለኝ ፊቴ መጥቆሩን አይቶ። «ጅዳ ያለውም እዚህ ያለውም እኩል ይሰማል።»

«የሚነካው ማነው?»

«ማንም ይነካዋል።»

ይህች «ማንም» የምትባል ቃል ደሜን አፈላችው። እርጅና ያለዝብሻል ያሉኝ ሁሉ ዋሽተውኛል። ከዘራዬን መሬት ላይ መታሁና «እኔ ቆሜ ይሄ አይሆንም» አልኩ። ወጣቶቹ ሳቁ። ይሳቁ፤ በዚያ ጉብታ ላይ ምን እንደተደረገ አያውቁም።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። የቅሬው ጠሪ አባቴ ይማም አሊ ነው። አጭርና ቀጭን፣ ገበያ መሐል ቢቆም ማንም የማያየው ሰው ነበር፤ ድምፁ ግን ከዚያ ገላ ይወጣል ተብሎ አይታመንም። ሰው ሲሞት ማለዳ ለሶላት እንደሚታጠበው ዉዱእ አድርጎ፣ እህል ሳይቀምስ ጉብታው ላይ ይወጣል። ጋቢውን አውልቆ ለኔ ይሰጠኛል። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ መጀመሪያ ወደ አምባሰል ተራራ ዞሮ፣ ቀጥሎ ወደ ገበያው፣ በመጨረሻ ወደ ሐይቁ። ከዚያ ጉብታ ላይ ሆኖ ሌላ ነገር ተጣርቶ አያውቅም። በሬው ጠፍቶበት እንኳ ከጉብታው ወርዶ ነበር የሚጣራው። «እዚያ ላይ የሚነገር አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እውነት ነው» ይል ነበር።

መሬት ላራሹ ሲታወጅ አገሩ በጭፈራ ነበር የዋለው። እኛም ከባለመሬት ተላቅቀን ከሐይቁ በላይ ያለችውን የማሽላ ማሳ ያገኘነው ያኔ ነው። የቀበሌውን ሊቀመንበር በጭብጨባ የመረጥነው ራሳችን ነን፤ አባቴም አጨብጭቧል። የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ቅን ነው፣ ፊደል ቆጥሯል አልን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሰሜኑ ጦርነት ሲከፋ ያው ልጅ ወጣት እየለቀመ ወደ ማሠልጠኛ የሚጭን ሆነ። ከላይ ይህን ያህል ሰው አምጣ ይሉታል፣ እሱም ያመጣል። መጀመሪያ ከገበያ ያፍስ ነበር፣ ቀጥሎ ከየቤቱ።

ጎረምሶቹ ቤት ማደር ተዉ። አንዳንዱ አምባሰል ገደል ወጣ፤ ታላቅ ወንድሜ ሰይድና ጓደኞቹ ደግሞ ሐይቁ ዳር ከሰው ቁመት የሚበልጠው ደንገል ውስጥ ገቡ። እኔ እንጨት ለቀማ የምሄድ መስዬ የማሽላ ቂጣና ጥንቅሽ አደርስላቸው ነበር። ሰይድ ጥንቅሹን እየላጠ «ዘሐራ፣ ዓሣ ዓሣ መሽተት ጀምሬያለሁ፤ ከዚህ ስወጣ የምታገባኝ አላገኝም» እያለ ያስቀኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ግን አንድ ያልተነካ ነገር ነበር። ቅሬ ሲጠራ ሁሉም ከተደበቀበት ይወጣል፣ ይቆፍራል፣ ቃሬዛ ይሸከማል፣ ቀብሮ ተመልሶ ይደበቃል። ከቀብር ላይ ሰው ተይዞ አያውቅም። ማንም በቃል ያልተስማማበት፣ ግን ታጣቂውም ጭምር ያከበረው ነገር ነው።

በኅዳር ወር፣ ማሽላው ሊታጨድ ሲደርስ፣ አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሊቀመንበሩ ቤታችን መጣ። አባቴ በራፉ ላይ ተቀምጦ ማጭድ ይስላል።

«ይማም፣ ነገ ጠዋት ትጠራለህ» አለው። ትናንት አንቱ ይለው የነበረ ልጅ ነው።

«ማን ሞተ?»

«የሞተ የለም። አንተ ጥራ ብቻ። የሚወጡትን እኛ እንቀበላቸዋለን።»

አባቴ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠው። «ያልሞተ ሰው ሞተ ብዬ? በማን ላይ ነው የማሟርተው?»

«ስም ጠፋ እንዴ? የፈለግከውን ጥራ። እምቢ ካልክ ያቺ ማሳ ለሌላ ትሰጣለች፣ አንተም ልጅ በመደበቅ ትጠየቃለህ።»

እኔ በሩ ጀርባ ቆሜ ያንን «እምቢ» እጠብቅ ነበር።

«የፈለግከውን ነው ያልከኝ?» አለው።

«የፈለግከውን።»

«እሺ።»

ሊቀመንበሩ ሁለት ሚሊሻ በራችን ላይ አቁሞ ሄደ። ከውጫሌ በኩል የመጡ የባላገር ልጆች ናቸው፤ እኛን አያውቁንም። ወደ ደንገሉ ሄጄ ወንድሜን ላስጠነቅቅ ብል መውጫ አልነበረም። ያን ዕለት አባቴን ጠላሁት። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው። እራት አቀረብኩለትና «ሰይድን በራስህ አፍ ልታስይዘው ነው?» አልኩት።

«ዘሐራ፣ አብሽሪ» አለኝ። «ጠዋት ጋቢዬን ትይዥልኛለሽ።»

እጁን ታጠበና እራቱን መብላት ጀመረ።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። የሣሩ ጤዛ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አረጠበው። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል፣ ከማሳው የደረሰ ማሽላ ሽታ ይመጣል። ከጉብታው በታች ካለው መቃብር ጎን ማሽላው ውስጥ የታጠቁ ሰዎች እንደተደበቁ አውቃለሁ፤ የጠመንጃ አፈሙዝ አይቻለሁ። ሊቀመንበሩ ከጉብታው ግርጌ ቀረ፣ ሁለቱ ሚሊሻዎች ከኛ ጋር ወጡ። አባቴ ጋቢውን አውልቆ ሰጠኝ። ወደ አምባሰል ዞረ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቅሬ ውጣ! ይማም አሊ ሞቷል! የቅሬው ጠሪ ይማም አሊ ሞቷል!»

ጋቢው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ሚሊሻዎቹ የአባቴን ስም ስለማያውቁ ዝም ብለው ቆመዋል፤ እንዲያውም አንደኛው ከንፈሩን መጠጠ። አባቴ ወደ ገበያው ዞረና ያንኑ ደገመው፣ ቃል ሳይቀንስ። ያን ድምፅ በዚህ አገር የማያውቅ ሰው የለም። የሞተ ሰው ራሱን ሲጣራ የሰማ ሁሉ ነገሩ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። በሌላ ሰው ላይ ማሟረት አልሆነለትም፤ ስለዚህ የራሱን ስም ሰጠ። ያን «እሺ» ያኔ ገባኝ፣ በደስታም በኀፍረትም ዓይኔ እንባ ሞላ።

ሊቀመንበሩ ግን አባቴን ያውቀዋል። እየሮጠ ወጣና ከአንዱ ሚሊሻ ጠመንጃ ነጥቆ በሰደፉ አፉን መታው። አባቴ ወደቀ።

ሦስተኛው ጥሪ ቀረ። የሐይቁ አቅጣጫ፣ ሰይድ ያለበት። ወደ ተራራውና ወደ ገበያው የተጠራው ደንገሉ ውስጥ ላለ ሰው የሚደርሰው እንደ ጩኸት ብቻ ነው፤ ጥሪ መሆኑ ይሰማል፣ የማን ስም እንደሆነ አይለይም። ቅሬ ተጠራ ብለው ይወጣሉ። ሴት ልጅ ከዚያ ጉብታ ተጣርታ አታውቅም። እኔ ግን ማንንም አልጠየቅኩም። ጋቢውን አንገቴ ላይ ጣልኩና ወደ ውሃው ዞርኩ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቅሬ ውጣ! አባቴ ሞቷል! ይማም አሊ ሞቷል!»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። አባቴ ራሱን ሲጠራ ሐሰት መሆኑ ይታወቃል። ልጁ አባቴ ሞተ ብላ ስትጮህ ግን ማን ይጠረጥራል? የኔን ድምፅ ሰይድ ያውቀዋል። ወዲያው ከደንገሉ መሐል ወፎች ግር ብለው ተነሱ። ደንገሉ ወደኛ አቅጣጫ በመስመር መነቅነቅ ጀመረ። ሰው እየሮጠ ነው። ወንድሜን በገዛ አፌ እየጠራሁት ነው። ልጩህ ብል ድምፅ አጣሁ።

ያኔ ከእግሬ ሥር፣ ከመሬት፣ ያ ድምፅ ተነሳ። አባቴ በክርኑ ተደግፎ፣ ደም ከአፉ እየወረደ፣ ወደ ሐይቁ ይጣራል።

«እውነቷን ነው! ሞቻለሁ! እኔው ይማም ነኝ፣ ሞቻለሁ!»

ከሚሊሻዎቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ጉልበቱን ይዞ እስኪያጎነብስ ሳቀ፤ ሊቀመንበሩ ሲያፈጥበት እንኳ ማቆም አቃተው። እኔ ግን ዓይኔን ከደንገሉ አልነቀልኩም። መነቅነቁ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ወፎቹ አንድ በአንድ ተመልሰው አረፉ።

አንድም ጎረምሳ አልወጣም። ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ግን አንድ ሳይቀር መጡ፤ ነገሩ ገብቷቸው ነው የመጡት። ቃሬዛ፣ አካፋና ዶማ፣ የከፈን ጨርቅ ሳይቀር ይዘዋል። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን እትዬ አበበች የንፍሮ ድስት ተሸክማ ከፊት ናት።

«ጀናዛው የታለ?» አለች።

«የሞተ የለም! ወደየቤታችሁ!» አለ ሊቀመንበሩ።

የቅሬው ሰብሳቢ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ፣ በትራቸውን ተከሉ። «ተጠርተን ነው የመጣነው። አንተ አይደለህ ይጠራ ያልከው? ቅሬ ተጠርቶ ባዶ እጁን አይመለስም።»

ሊቀመንበሩ አባቴን አንስታችሁ ወደ ቀበሌ ውሰዱት ብሎ ሚሊሻዎቹን አዘዘ። እትዬ አበበች ድስቷን አውርዳ መንገዱ መሐል ቆመች።

«ሟች በእግሩ ሲሄድ የት አይተሃል? እኛ እንሸከመዋለን።»

ተሸከሙትም። አባቴን ከነሕይወቱ ቃሬዛው ላይ አስተኝተው፣ ጋቢውን አልብሰው፣ ከጉብታው አወረዱት። በአገራችን ቃሬዛ ሲያልፍ ያየ ሰው ተቀምጦ አይቀርም፤ ይነሳል፣ ጥቂት እርምጃም ቢሆን ይሸኛል። ባለሱቁ ሱቁን ዘጋ። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ተነሳ። ከደሴ የመጣ አውቶብስ ቆሞ ተሳፋሪው ወረደ። ቀበሌው በር ስንደርስ ሰው ከገበያው አልፎ እስከ አስፋልቱ ሞልቶ ነበር፤ ሊቀመንበሩም ጠመንጃውን አንግቦ ከቃሬዛው ኋላ፣ ቀባሪ መስሎ፣ ሲከተል አገር አየው። እኔ ከአባቴ ራስጌ እሄድ ነበር። አንድ ዓይኑን ከፈተና «ሦስተኛውን ጥሩ ጠራሽው፤ ትንሽ ብቻ ፈጠንሽ» አለኝ።

ወስደው አሰሩት። ማሳችን ለሌላ ተሰጠች። ክረምቱ ሲገባ ተፈታ፤ የፊት ጥርሶቹ አልነበሩም፣ ድምፁም ያፏጫል። ከዚያ በኋላ ጉብታው ላይ አልወጣም። ሰይድ በቅሬ ጥሪ አልተያዘም። ከሁለት ዓመት በኋላ ውጫሌ ገበያ ላይ ታፍሶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ሞተም ኖረም ያለን የለም። ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ በየመንገዱ እየለመነ ወደየአገሩ ሲመለስ አባቴ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊት ፊታቸውን ያይ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ «ሞቷል» ቢለው እንኳ እፎይ ይል ነበር።

እሱ ራሱ ያረፈው በዓመቱ ነው። አዲሱ ጠሪ ማለዳ በራችንን አንኳኳና «ይሄኛው ያንቺ ነው» አለኝ። ጋቢውን ይዤ ወጣሁ። ሦስቱንም አቅጣጫ ጠራሁ፣ ሳልፈጥን። ወደ ሐይቁ ዞሬ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ስም ጨመርኩ። «ሰይድ ይማምም ሞቷል!» አልኩ። ማንም አልነገረኝም፣ አስከሬን አላየሁም፣ አባቴም ቢሰማ ይቆጣኝ ይሆናል። ግን ወስደውት እንዳልተወለደ ዝም ያሉትን ልጅ ሞት እኔ ካልጠራሁት ማን ይጠራዋል? ያን ቀን ቅሬው ለሁለት ሰው ለቅሶ ተቀመጠ፤ ለምን ያለኝ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ሾላው ሥር ተናገርኩ። ስልካችሁን አልጠላሁም፣ ጅዳ ላሉት ላኩበት አልኩ። ነገር ግን በቅርቡ ጦርነት ኔትወርኩ ሲጠፋ የሰፈሩን ሰው ከያለበት ጠርቶ ያስቀበረው ጠሪው እንደነበር አስታወስኳቸው። ኔትወርኩ ሲመለስ ደግሞ ያው ስልክ ስንቱን በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብሎ አስለቀሰን፤ ማን ጻፈው ሲባል ማንም። አባቴ ጥርሱን የሰጠው ስሙና ድምፁ የሚታወቅ ጠሪ እንጂ «ማንም» ስላልነበረ ነው።

ሽማግሌዎቹ ጠሪው ይቀጥል ብለው ወሰኑ። ሙሐመድ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«ታዲያ እትዬ ዘሐራ፣ ዕድሜዎን ያርዝመውና፣ የእርስዎን ቀን ማን ይጥራው?»

«አንተ» አልኩት። «ጋቢህን አውልቀህ፣ ሦስቱንም አቅጣጫ ዞረህ። አንዷን ብታስቀር ከቃሬዛው ላይ ሆኜ ራሴ እጠራታለሁ፤ በዘራችን አለ።»