ወንድም ጋሼ ያሳለፈው ቢም

ታላቅ ወንድሜን በሥራ ቦታ «ጆሮ» ነው የሚሉት። እኔ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። አባታችን ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል አስወጥቶ እሱ የሚሠራበት የእንጨት ፋብሪካ አስገባኝ። «ምን ላድርግ እህት ዓለም፣ ሁለታችንም ካልሠራን እማማ ጦሟን ታድራለች» አለኝ። አልተቀየምኩትም።

የምንሠራው ቢም ነው፣ ጣሪያ የሚሸከም ረጅም አግዳሚ እንጨት። ሰፊ አዳራሽ የሚሻገር ግንድ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በደንብ የደረቀ ጣውላ ይላጋል፤ ኮላ ተቀብቶ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል፤ ከዚያ በብረት ማጥበቂያው በሞርሳ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል። ኮላ የምቀባው እኔ ነኝ። ኮላው ፊቱ ሳይደርቅ ሞርሳው መጥበቅ አለበት። ካለፈበት ከውጭ ሲያዩት የተጣበቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ አይያያዝም።

የመጨረሻው ሰው ወንድም ጋሼ ነው። ያለቀውን ቢም ከጫፍ እስከ ጫፍ በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ያዳምጣል። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ያልተያያዘው እንደ ላላ ከበሮ ነው። እሱ «ይለፍ» ያለው ቢም ተመልሶ አያውቅም።

ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጮኽ የሚውለው መላጊያ ማሽን አጠገብ ነው የቆመው። እያደር ሲጠሩት ዝም ማለት አመጣ። የጭነት መኪናው ሹፌር «ኧረ ጌታው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ? ሹመት አገኘህ እንዴ?» እያለ ያሾፍበታል። እሱም ይስቃል። እኔም ሥራ በዝቶበት ነው እል ነበር።

አንድ ማክሰኞ ለትምህርት ቤት አዳራሽ የሚሄድ ቢም ስናስር ሞርሳው ተቀረቀረ። እስኪፈታ ኮላዬ ደረቀ። ጣውላዎቹ ተላቅቀው እንደገና መላግ ነበረባቸው። ፎርማኑ ሲቆጣ ሰምቼ ፈራሁና መድረቁን ሳልናገር እንዲሁ አሰርነው። ወንድም ጋሼ ያገኘዋል ብዬ ተማመንኩ።

በማግስቱ ቢሙን አንኳኳው። መሃሉ ላይ ሲደርስ እኔ እንኳ ከማዶ ሆኜ ሰማሁት። ዷ ዷ ይላል። እሱ ጎንበስ ብሎ ቆየና «ይለፍ» አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ እስቲ መሃሉን ድገመው።»

«ምኑን?»

«መሃሉን!»

ደገመው። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን አየ፤ ገባው። ጠጋ አለኝና «ተይኝ እህት ዓለም፣ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው» አለ። በሹክሹክታ የተናገረ መስሎታል። ሹፌሩ መኪናው ላይ ሆኖ ሰማው። ያን ቀን አልቀለደም።

ቢሙ ሊጫን ገመድ እየታሰረለት ነበር። ከሥሩ ስለሚቀመጡት ልጆች አሰብኩ። ፎርማኑ ጋ ሄጄ «ኮላው ሲደርቅ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ አስቆርጠህ እየው» አልኩት። አስቆረጠው። መሃሉ እንደ ደብተር ተገለጠ።

እኔን «ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ፤ ሁለተኛ እንዳትደብቂ» ብሎ አለፈኝ። ከዚያ ወደ ወንድም ጋሼ ዞረ። እጁን ዘርግቶ መዶሻውን ተቀበለው።

አሁን ወንድም ጋሼ ሰጋቱራ ይጠርጋል። ማታ አንድ ገበታ ላይ እንቀርባለን። ሰው ሲያወራው ከንፈሩን እያየ ይረዳል፤ ከሹፌሩ ጋር እንኳ ይሳሳቃል። እኔ አፌን ስከፍት ግን ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል።