ባሕር ዳር ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች

አባቴ ቀኝ ዓይናቸውን የታመሙት በማሽላ ውቂያ ሰሞን ነው። የተፈናጠረ ገለባ ወጋቸው፤ «ይሽራል» ብለው ሳምንት በጨርቅ አስረውት ከረሙ። ሲያብጥባቸው መተማ ዮሐንስ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። እነሱ ወደ ጎንደር ላኩን። ጎንደር ስንደርስ ደግሞ የዓይን ሐኪሙ ለዚያ ሰሞን ባሕር ዳር ነው ተባልንና በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርን።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ኮኪት ነው፤ ትራክተር እነዳ ነበር። ዘመኑ የደርግ ስለሆነ ሰው ካገሩ ሲወጣ ወረቀት ሳይዝ አይወጣም፤ እኔም የገበሬ ማኅበራችን ማኅተም ያለበትን የይለፍ ወረቀት በደረት ኪሴ ይዤ ነበር።

ሐኪሙ አባቴን በደረስን በማግስቱ ቀደዳቸው። ደህነኛው ዓይናቸውም እንዳይንቀሳቀስ ተብሎ ሁለቱም ታሸጉ። አስታማሚ ጠዋትና ማታ ምግብ ይዞ ከመግባት በቀር ሥራ አልነበረውም።

«ሂድ ከተማውን እይ» አሉኝ አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «እኔ እንደሆነ አላይልህ።»

ወጣሁ። የሰው ቅይጥ ብርቄ አልነበረም። መተማ ዮሐንስ ገበያ ላይ ጀላቢያ የለበሰው ሱዳናዊ፣ ጉሙዙ፣ ለአጨዳ የወረደው ጎጃሜና ወሎዬ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። ግን የኛ ሰው አዝመራው ሲያልቅ ይበተናል። ባሕር ዳር ሰው ተቀላቅሎ ተቀምጧል። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲለቀቅ ትግርኛውም፣ አገውኛውም፣ ኦሮምኛውም ባንድ በር ይፈስሳል። የየመን ዓረብ ልብስ ይሰፋል፤ ፀሐይ ያቀላው ራሺያዊ በፓፓያ ዋጋ ይከራከራል። ሁሉም ብስክሌት ይጋልባል። ከዘንባባዎቹ ማዶ ደግሞ ጣና አለ፤ ማዶው የማይታይ ውሃ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሙቀት የለመደ ሰውነቴ ከውሃው በሚመጣው ነፋስ ተንቀጠቀጠ።

ብስክሌት የሚያከራየው ሰውዬ ጎማ እየነፋ ነበር። «ስንት ነው?» ስለው ቀና አለና ፓምፑን ለቀቀው። ፊቱ አመድ መሰለ። አንዷን ብስክሌት ገፍቶ ሰጠኝና ገንዘቤን አልቀበልም አለ።

«ውሰዳት። ብቻ በዋናው መንገድ አትሂድ» አለኝ፤ ዓይኔን ሳያይ።

ለእንግዳ ያዘነ መሰለኝና አመስግኜው ሄድኩ። መንገድ ላይ ግን አንዲት ሙዝ የምትሸጥ ሴት አይታኝ አማተበች። አንድ ጎረምሳ ከሩቅ እጁን ሊያነሳልኝ ጀምሮ መለሰው። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ፤ ማንም አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ለአባቴ አጥሚት አድርሼ በእግሬ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ጉም ውሃው ላይ ተኝቶ፣ ከትልልቅ ነጫጭ ወፎች አንገታቸው ብቻ ይታያል። የበረባሶዬ ማሰሪያ ስለተበጠሰ እየጎተትኩ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ። «ደህና አደሩ አባት» ስላቸው ድምፄን ሰምተው እጃቸው ቆመ። ቀስ ብለው ዞሩ።

«ከየት ወጣህ?» አሉኝ።

«ከቆላ፤ ከመተማ ነኝ።»

«ታንኳዋ ባዶዋን ነው የመጣች» አሉ፤ ያልኩትን ያልሰሙ ይመስል። «ሦስት ዓመት ሙሉ ለናትህ ስምል ኖርኩ። ባዶዋን ነው የመጣች።»

እያደር ነው ነገሩ የገባኝ። እኔን የመሰላቸው ልጅ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ለውትድርና አፈሳ የሆነ ሰሞን የሽማግሌውን ታንኳ ለመነና በንጋት ወደ ባሕሩ ገባ። ረፋዱ ላይ ውሃው ታንኳዋን መልሶ አመጣት፤ ውስጧ ጫማው ብቻ ነበር። ሬሳ አልተገኘም። ግማሹ ሰው ሰጠመ አለ፤ ግማሹ በጎርጎራ ወጥቶ፣ ቆላ ለቆላ ሱዳን ገባ አለ።

«አባት፣ ተሳስተዋል። እኔ ባሕር ዳርን ሳይ ይህ መጀመሪያዬ ነው» አልኳቸው።

«እሺ» አሉኝ፤ ትኩሳት ያናወዘውን ሰው እሺ እንደሚሉት። ጎጇቸው ገብተው አንድ ጥንድ ቡናማ ጫማ ይዘው ወጡ። ቀለም ተቀብቷል። «ቤቴ ውስጥ ይዤው ማደር ከብዶኛል። ውሰድልኝ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሽማግሌው እግሬ ሥር ተንበረከኩ፤ እኔ ደግሞ የባዶ እግር ያህል ነበርኩ። አጠለቅሁት። ልክ ነው ማለት አይበቃም። በልጅነቴ ከአህያ ወድቄ ከተሰበርኩ ወዲህ ግራ እግሬን በጎኑ እረግጣለሁ፤ የዚያ ጫማ ግራ ተረከዝም በጎኑ ተበልቶ ነበር።

ወደ ሆስፒታል ስመለስ አባቴ ዓይናቸው እንደታሸገ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«ድምፁስ የልጄ ነው» አሉ። «አካሄዱ ግን የሌላ ሰው ነው።»

ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ለራሴም ጆሮ ጥሩ አልነበረም። የዚያኑ ዕለት ጫማውን ላወልቀው አስቤ ነበር። ለምን እንዳላወለቅሁት ዛሬም አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ገበያ ውስጥ አብዮት ጠባቂ ያዘኝ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ የማላውቀውን ስም ጠራ፤ እኔ ሞኙ ደግሞ ወደ እኔ ሲመጣ አይቼ ዞርኩ። ወረቀቴን ሰጠሁት።

«ከመተማ?» አለና ፈገግ አለ። «እንዲያ ነዋ! ታንኳ ትገፋለህ፣ በመተማ ሱዳን ትገባለህ፣ ሲደላህ በገበሬ ማኅበር ወረቀት ትመለሳለህ።»

«ጓድ፣ አባቴ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ይጠይቋቸው።»

«ያንተ አባት እንኳ ከሞቱ ቆይተዋል» አለኝ።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አስገቡኝ። ሊቀመንበሩ የደከማቸው ሰው ነበሩ። ወረቀቴን አገላብጠው አይተው፣ «እናትየዋን ጥሩ። እናት ልጇን አትስትም» አሉ።

ሴትዮዋ ሲገቡ የቀበሌው ጸሐፊ ወንበሯን ለቀቀችላቸው፤ አልተቀመጡም። ከሦስት ዓመት በኋላም ጥቁር ለብሰው ነበር። እኔን ከማየታቸው በፊት ወደ ታች፣ ወደ እግሬ አዩ። ጫማው ላይ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀርበው አገጬን ወደ ብርሃኑ አነሱ፤ ጆሮዬን ገልብጠው አዩ፤ አንገቴ ሥር ጎንበስ ብለው አሸተቱኝ። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማኛል።

«የኔ ልጅ አይደለም» አሉ።

«እማማ፣ በደንብ ይዩት እንጂ!» አለ አብዮት ጠባቂው።

«ዘጠኝ ወር የተሸከምኩትን አንተ ታሳየኛለህ? የኔን ልጅ ባሕሩ በልቶታል። ይህ የሰው ልጅ ነው፤ ልቀቁት።»

ለቀቁኝ። ከሆስፒታሉ እንዳልወጣ ሊቀመንበሩ አስጠነቀቁኝ። ሴትዮዋ ቀድመውኝ ወጡና ቀጥ ብለው ሄዱ፤ አንዴም አልዞሩም። የወፍጮ ቤቱን ግንብ ስናልፍ ግን ድንገት ቆመው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ከስተሃል» አሉኝ። «እዚያ ምን ያበሉሃል?»

«እናቴ፣ እኔ እኮ…»

አፌን በመዳፋቸው ከደኑት። «አውቃለሁ። ምንም አትበለኝ። ሂድ፣ ቶሎ ሂድልኝ።»

ልጃቸው እንደሆንኩ አምነው ነበር። አምነው ነው የካዱኝ።

ጫማውን ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ትቼው በባዶ እግሬ ገባሁ። ለአባቴ ምንም አልነገርኳቸውም። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ቀኝ ዓይናቸው ብርሃን እንኳ አልለየም፤ በደህነኛው ግን ትክ ብለው አዩኝና «ተመስገን፣ አንተው ነህ» አሉ። ኮኪት ገባን። ሰሊጥ ዘራን፣ አጨድን። ሚስት አገባሁ። ሰው ዘንድ ቁጭ ብዬ ሳለሁ የሴትዮዋ መዳፍ አፌ ላይ ያለ ይመስለኝና ንግግሬን አቋርጥ ነበር።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ እውነቱን ልነግራቸው ሄድኩ። መንገድ ለመንገድ የምለውን አጠናሁ። ግቢያቸው ውስጥ ጌሾ ሲያሰጡ አገኘኋቸው፤ ጥቁሩን አውልቀዋል። ጎረቤቶች እኔን አይተው ተጠራርተው መጡ።

«ከሱዳን ተመለሰ?» አለች አንዷ።

«አዎ» አሉ ሴትዮዋ፤ ከኔ በፊት።

ወንበር አወጡልኝ፤ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። እጃቸው ላይ ቆዳና አጥንት ብቻ ቀርቷል። ያጠናሁትን ልጀምር ጎርሼ የነበረውን ዋጥኩ።

«ሚስት አግብተሃል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ወልደሃል?»

«ሁለት።»

«ማንን ይመስላሉ?»

ጎረቤቶቹ ሁሉ ይጠብቁኛል። «ትልቋ…» አልኩ፣ «ትልቋ እርስዎን ትመስላለች።» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ከዚያ ወዲህ ሰሊጡ በተነሳ ቁጥር አንዴ እሄድ ነበር። ይወቁ አይወቁ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም ስለ ሱዳን አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም። ሲሞቱ ደርሼ ቀበርኳቸው። ታንኳ ሠሪው ሽማግሌ መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ፤ ሰዎች ተራ በተራ «እግዜር ያጥናህ» አሉኝ፣ እኔም አሜን አልኩ። ሚስቴ የማን ልቅሶ እንደዋልኩ ስትጠይቀኝ «የዘመድ» አልኳት።