አዋቂ የሆንኩበት ሳምንት

እናቴ የሞተችው አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ማግስት ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ሆቴል ላውንድሪ ትሠራ ነበር። አንሶላ እያጠፈች ሳለ ወደቀች፤ አምቡላንሱ ሲደርስ አልፋ ነበር።

እኛ በሱዳን በኩል አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባን ቤተ እስራኤል ነን። አበሻ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ክርስቲያኖች ስለነበሩ፣ አባቴ ለቀብሩ የተጠጋው ሰፈራችን ወዳለው የፈረንጆቹ ምኩራብ ነው። በቀብሩ ዋዜማ ረቢው አፓርትመንታችን መጥተው ስለ ልጆቹ ዕድሜ ጠየቁ። አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ።

«ወንዱ ዘጠኝ ነው። እሷ ሰኞ ዕለት አሥራ ሁለት ሞላት» አለ አባቴ።

«ሴት ልጅ በአሥራ ሁለት፣ ወንድ በአሥራ ሦስት ዓመቱ በሕጋችን አዋቂ ይሆናል» አሉ ረቢው። «ልጁ ግዴታ የለበትም። እሷ ግን እንደ እርስዎ ልብሷን ቀዳ ሰባቱን ቀን ሐዘን መቀመጥ አለባት።»

«እኛ አገር እንዲህ ያለ ሒሳብ አናውቅም» አለኝ አባቴ፤ ግን እምቢ ማለት ፈራ። በቀብሩ ዕለት ረቢው አንገትጌዬን በመቀስ ነካ አደረጉልኝ፤ የቀረውን ራሴ ቀደድኩት።

ከቀብሩ በኋላ ሐዘን ተቀምጬ ሳለሁ፣ ወንድሜ ጎረቤት ቤት ካርቱን እያየ ሲስቅ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ቀናሁበት።

አንድ ምሽት ዝናብ ነበርና ከምኩራቡ ለጸሎት ቤታችን ከሚመጡት፣ አባቴን ጨምሮ ዘጠኝ ወንዶች ብቻ ተገኙ። የሙት ጸሎት ለማድረስ ደግሞ አሥር አዋቂ ያስፈልጋል። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ ሰው የለም። ተነሣሁ።

«እኔ አለሁ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «አዋቂ ነሽ ብለውኛል።»

የረቢው ፊት ቀላ። «ልጄ፣ ለዚህ የሚቆጠሩት ወንዶች ብቻ ናቸው።»

አባቴ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ለማልቀስ ደረሰች፣ ለመቆጠር አልደረሰችም? በያቸው!»

አልኳቸው።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አሉ ቀስ ብለው። ጥቂት ቆይተው ሰዎቹ ካፖርታቸውን እየለበሱ ወጡ። ጸሎቱ ሳይደርስ ቀረ።

ያኔ አባቴ ቆመና አገር ቤት የቤተ እስራኤሉ ቄሳችን በአያቴ ቀብር ላይ ያደረሱትን የግዕዝ ጸሎት ጀመረ። መሐል ላይ ጠፋበት። እንደገና ከመጀመሪያው ያዘ፤ እዚያው ሲደርስ ጠፋበት። ታስታውሰኝ እንደሆነ ብሎ ዞሮ አየኝ። እኔ ግዕዝ አላውቅም።

ሐዘኑ ሲያበቃ እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ወጡንም፣ ልብሱንም፣ ወንድሜንም እኔ ተረከብኩ። ከክፍል መልስ ከጓደኞቼ ጋር መቆየት ቀረ። አንድ ቀን ወንድሜ ሳያስበው «ማሚ» ብሎ ጠራኝ። ሁለታችንም ደነገጥን። እሱ ሮጦ ክፍሉ ገባ፤ እኔ ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ።