ጽጌን ከጅቡቲ ለማምጣት የሄድኩበት መንገድ

ከአሰላ የተነሣሁት በጥቅምት አጋማሽ፣ ገብሱ ገና ሳይታጨድ ነው። የምሄደው ጅቡቲ ነበር፤ የምሄደውም ልጅ ለማምጣት። ልጅቷ ጽጌ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ወደ አሥራ አንድ ይጠጋል። እናቷ አስካለ አብሮ አደጌ ነበረች። ከአንድ የባቡር ሠራተኛ ጋር ተጋብታ ከአገር ወጣች፤ ባሏ ቀድሞ ሞተ፣ ባለፈው ክረምት ደግሞ እሷ ራሷ በወባ ሞተች። ይህን የነገረኝ ከድሬዳዋ ጨርቅ የሚያመጣልኝ ነጋዴ ነው። «ልጅቷ ጎረቤት እጅ ላይ ናት፤ የሚወስዳት ሰው እየፈለጉ ነው» አለኝ።

እኔ ዘመድ አይደለሁም። ባልም የለኝም። የወለድኩት አንድ ልጅ በኩፍኝ ከሞተብኝ በኋላ ባሌ ሌላ አግብቶ ሲሬ ገባ፤ እኔ በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። ብዙ ቀን አወጣሁ አወረድኩና እሄዳለሁ አልኩ፤ መምጣቴንም በነጋዴው ላክሁባቸው። ይህን የምጽፈውም እንደኔ ብቻዋን ሆና ነፍስ ያወቀ ልጅ ልታሳድግ የምታስብ ሴት ካለች፣ መንገዱን አስቀድማ እንድታውቀው ነው። መንገዱ ያደክማል።

ከአሰላ እስከ ናዝሬት

እህል በጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ሁለት ብር ከፍዬ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። የያዝኩት ዳቦ ቆሎ፣ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት ውሃ፣ ለጽጌ የሰፋሁት ቀሚስና በትንሽ ቅል ነጭ ማር ነው። የልጅቷን ቁመት ስለማላውቅ የቀሚሱን ጠርዝ ሰፊ አድርጌ አጥፌዋለሁ። ማሩ ለመብል አልነበረም። በእኛ ወግ የሰው ልጅ ወስዶ የሚያሳድግ በሽማግሌ ፊት ጡቱን ወይም አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ልጁን ያልሰዋል። ከዚያ በኋላ የጡት ልጁ ነው፤ ማንም መጥቶ አይወስድበትም። እኔም ይህ ሳይሆን ልጅቷን ይዤ ብመለስ አንድ ቀን አንድ ሰው በሬን አንኳኩቶ ይወስድብኛል እያልኩ እፈራ ነበር።

ኢተያ ላይ ስንዴ ሊጨምሩ ቆምን። እዚያ ቅቤ ይዛ ናዝሬት የምትወርድ አንዲት የአርሲ ሴት ከጎኔ ተጠጋግታ ተቀመጠች። ጥቂት እንደሄድን ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

«ጅቡቲ። ልጅ ላመጣ።»

«ባልሽስ?»

«የለኝም።»

በጣም አዘነችልኝ። «እኛ ዘንድ ጉዲፈቻ የሚያደርጉት ባልና ሚስት ሆነው ነው። ያንቺዋ አባቷ ማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

ሹፌሩ የአሰላ ሰው ነው፤ ሱሪውን የምጥፍለት እኔ ነኝ። «የስፌት መኪናዋ ነዋ!» አለ። «ከባል ትሻላለች። አትሰክር፣ አታመሽ።»

ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን «አባቷ ማን ሊሆን ነው» የሚለው ነገር ከዴራ ወርደን የአዋሽን ድልድይ እስክንሻገር ከጆሮዬ አልወጣም። እዚያ ሙቀቱ ስለበረታብኝ ጋቢዬን አወለቅሁ። ናዝሬት ጣቢያው አጠገብ በስሙኒ አልጋ ተከራየሁ፤ ትኋን ስላለበት ወንበር ላይ ተቀምጬ አደርኩ።

በባቡር

ሦስተኛ ማዕረግ አግዳሚው እንጨት ነው፤ ትራስ የሌለው ሰው ወገቡን ይጎዳል። ቀድሞ የገባ መስኮት ዳር ይይዛል፣ መስኮት ዳር የያዘ ግን ጥቀርሻ ይጠግባል። አዋሽ ጣቢያ የተቀቀለ እንቁላልና ሻይ አለ። ኤረር ስንደርስ ልጆች ብርቱካን በሰፌድ ይዘው መስኮት ሥር ይሯሯጣሉ፤ ጣፋጭ ነው፣ ርካሽም ነው፤ ግን ሂሳብ ሳይመልሱ ባቡሩ እንዳይነቃነቅ ዝርዝር መያዝ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ወርደን አደርንና ሌላ ባቡር ያዝን።

ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ድንጋይ ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ አልፎ አልፎ ግመል፣ እንደገና ድንጋይ። ማሩ በሙቀቱ ቀጥኖ በክዳኑ በኩል ይወጣ ጀመር። ቀሚሱን እንዳያበላሽ ብዬ ቅሉን በሁለት እጄ ይዤው፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ጅቡቲ ድረስ ሄድኩ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ያዘነብልና እነቃለሁ። የደረስኩት ደክሜ፣ እጄም እየተጣበቀ ነው።

ጅቡቲ

ጽጌን የያዟት ሰው አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ይጋረፋል፤ ውሃው ጨው ጨው ይላል።

በሩን የከፈተችልኝ ጽጌ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ የአስካለን የመሰለ። የእግር ውሃ አቀረበችልኝና ጥግ ይዛ ቆማ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየችኝ። የአቶ ደምሴ ሚስት ወይዘሮ የሺ ግን ቁጭ ብለው ነው ያዩኝ።

«አሰገደች አንቺ ነሽ? አስካለ ስለ አንቺ ስታወራ ትልቅ ሴት መስለሽኝ ነበር እኮ!»

«ይኸው እንዳዩኝ ነኝ።»

«ወንድ በሌለበት ቤት ልጅ ልታሳድጊ?»

ደክሞኝ ስለነበር ከአፌ አመለጠኝ። «እርስዎስ እማማ፣ የራስዎን ልጆች ማን አሳደጋቸው?»

አቶ ደምሴ ሳቁ። «እሱስ እውነቷን ነው። እኔ ባቡር ላይ ነበርኩ።»

«አንተ ዝም በል!» አሉ ወይዘሮ የሺ። እኔን ግን ከዚያ በኋላ ሻይ ያለ ስኳር እንዳልጠጣ ተጠነቀቁልኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ተጠሩ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጽጌ በመሐል ቆመች። እኔ የሚባለውን ሁሉ አልኩ፤ እንደ ወለድኳት አሳድጋታለሁ፣ ያለኝ ሁሉ የእሷ ነው አልኩ። አውራ ጣቴን ማር ነክሬ ዘረጋሁላት።

ጽጌ ጣቴን አየችው። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ «አልልስም» አለች።

«ወግ ነው ልጄ» አሏት አቶ ደምሴ። «ላስ አድርጊና ይለቅ።»

«ጡት የጠባሁት የእናቴን ነው። እሷ ብትሞትም ጠብቻለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጢማቸውን እያሻሹ «እንግዲህ ማር ያልቀመሰ ልጅ አይሰጥም» አሉ። «ይቺ ሴት ነገ አገሯ ገብታ ገረድ ብታደርጋት በምን እንጠይቃታለን?»

እኔ ጣቴን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ዝንብ መጥቶ አረፈበት፤ የምጠርግበትም አላገኘሁ። ያንን ሁሉ አገር በጭኔ ታቅፌ ያመጣሁት ለሕፃን የሚሆን ነገር ነበር። ዕድሜዋን አውቄ ቀሚስ ሰፍቻለሁ፤ ጣት እንደማታልስ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ባዶዬን ስመለስ ባቡሩ፣ አግዳሚው፣ ድንጋዩ ሁሉ ታየኝ።

«ጽጌ፣ ምን ቢሆን ነው የምትመጪው?» አልኳት።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እሷ ግን መልሱን ተዘጋጅታበት ቆይታለች።

«የአባቴ ስም እንዳይቀየር። ደግሞ አገሩን ብጠላውስ? ይመልሱኛል?»

«የአባትሽ ስም አይነካም። እስከ ፋሲካ ቆይተሽ ከጠላሽው ራሴ አመጣሻለሁ።»

«ዋስዎ ማን ነው?»

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። «ይቺ የባቡር ልጅ!» አሉ። በዚያ ሰፈር ሥራም ቤትም ያለ ዋስ አይገኝም፤ ልጆቹም ሲጫወቱ እንኳ ብይ የሚዋዋሱት ዋስ ጠርተው ነው። ለእኔ ግን ሳቅ አልነበረም። በዚያ ከተማ ከነዚህ ሰዎች በቀር የማውቀው ፍጡር የለም። ዋስ አምጪ ከተባልኩ አለቀልኝ።

«እኔ ዋሷ ነኝ» አሉ ወይዘሮ የሺ ከወጥ ቤቱ በር።

አቶ ደምሴ ዘወር አሉ። «አንቺ? ትናንት መጥታ የት ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም። ግን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ይችን ልጅ ምን ትፈልጊያለሽ ያላት ሰው የለም፤ እኔም አላልኳት፣ አንተም አላልካት።» ከዚያ ወደ እኔ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ስሚ! ቃልሽን ብታጥፊ አሰላ ድረስ መጥቼ ያንን ሹሩባሽን ነው የምነጨው።»

«እሺ» አልኩ።

«እሺ» አለች ጽጌም።

ሽማግሌዎቹ መረቁን። ማሩን ወይዘሮ የሺ በዳቦ አቀረቡት፤ ጽጌ እንደማንኛችንም ቆርሳ በላች።

ደወሌ

የቆንስላ ማኅተም ያለበት ወረቀት እስኪወጣልን ብዙ ተመላለስን። ወረቀት የምታወጣ ሴት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ውሃ ይዛ ትሂድ። በመጨረሻ ተሳክቶልን ባቡር ተሳፈርን።

ድንበሩ ላይ ደወሌ ሲደርስ ባቡሩ ቆመ፤ አንድ መኮንን ወረቀት እያየ መጣ። የእኛን ገልብጦ አየና ጽጌን «እናትሽ ናት?» አላት።

«እናቴ ሞታለች» አለች።

መኮንኑ ወደ እኔ ዞረ። በዚያ መስመር ልጅ የሚሸጡ ሰዎች እንደሚያዙ ሰምቻለሁ። ዋሽታለች ማለት እችል ነበር፤ አፌ ግን «እውነቷን ነው» አለ።

«ታዲያ ምኗ ነሽ?»

አፌን ሳልከፍት ጽጌ መለሰችለት። «አብሬያቸው እየሄድኩ ነው። እሺ ብዬ ነው። ዋስ አላቸው።»

ሰውየው ፈገግ ብሎ ወረቀቱን መለሰልን። ባቡሩ ሲነሣ እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ እኔም ላቤን ጠረግሁ።

ወደ አሰላ

በመንገድ ላይ ጽጌ እንደ እንግዳ ነበረች። ብርቱካን ስሰጣት በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ ራበሽ ስላት አልራበኝም፤ ደከመሽ ስላት አልደከመኝም ትላለች። ናዝሬት ላይ አስመለሳትና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይህ ጨዋነቷ ከሁሉ ይልቅ አስጨነቀኝ። የምትጠላውን እየቆጠረች ለፋሲካ የምታስቀምጠው መሰለኝ።

ከኢተያ በላይ ብርዱ ሲጀምር ቀሚሱን በሹራብ ላይ አለበስኳት፤ ጠርዙን ድሬዳዋ ሳለን ተርትሬ አስረዝሜው ነበር። አሰላ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጭላሎ በጉም ተሸፍኗል። ጎረቤቶች መጡ፣ አገላብጠው ሳሟት፣ እሷም ሁሉንም በትሕትና ሳመች። ከዚያ ሁለታችንም ከነልብሳችን ወድቀን ተኛን።

ጠዋት ስነቃ ጽጌ አልጋው ላይ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተቀምጣለች። ደጁ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«ደህና አደርሽ?» አልኳት።

«አላደርኩም!» አለች። «ይበርዳል። ይሄ ብርድ ልብስ በግ በግ ይሸታል። ውሃው ጥርስ ያሳምማል። የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ነው ያደረው። ደግሞ እዚህ አገር ዓሣ የለም? ፀሐይስ የላችሁም?»

ፋሲካ ሩቅ ነበር። ያን መንገድ እንደገና ለመሄድ አቅም እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ቃሌን ግን ሰጥቻለሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ቀስ ብዬ ጠየቅኋት።

«ልመልስሽ?»

ግንባሯን ቋጥራ አየችኝ፤ እናቷ ስትናደድ እንደምታየኝ።

«መቼ መልሱኝ አልኩ? በረደኝ ነው ያልኩት።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ እንግዳ ሁሉ ደህና አድሬያለሁ ይላል፣ በረደኝ ብሎ የሚነጫነጨው የቤት ሰው ነው። እኔም ያን ዕለት ሌላ ሥራ አልያዝኩም። ወፍራም ካልሲ ልፈልግላት ገበያ ስወጣ፣ ውሻውን እንዲያስርልኝም ለጎረቤቴ ነገርኩት።